መርፌውን ሲጀምሩ አባባ ምን ይሆናሉ?

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ዶክተር ሰላም ነዎት? አባቴ 71 ዓመታቸው ነው። ወገባቸውን ሲያማቸው ‹ብርድ ነው› እያልን ሰባት ወር አለፈን። በኋላ ደሴ ወስደን ስናስመረምራቸው የፕሮስቴት ካንሰር ነው፣ አጥንት ላይ ደርሷል አሉን። ፒኤስኤ የሚሉት የፕሮስቴት የደም ምርመራ 212 ሆኗል። ሐኪሙ ሁለት ምርጫ ሰጠን። ወይ በየወሩ የሆርሞን መርፌ፣ ወይ የዘር ፍሬያቸውን በኦፕሬሽን ማውጣት። አባባ ኦፕሬሽኑን ሲሰሙ ‹እንደ ሙክት ልታኮላሹኝ ነው?› ብለው ተነስተው ወጡ። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝም ብላለች። የመጀመሪያ ልጅ ስለሆንኩ ሁሉም የሚያየው እኔን ነው። ይህ ሕክምና ያድናቸዋል? ምን ምን እንጠብቅ?»

አብሽሪ እህቴ። መልሱ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

ከከበደው ልጀምር። ያድናል ወይ? አጥንት ላይ የደረሰ የፕሮስቴት ካንሰር በሆርሞን ሕክምና ተነቅሎ አይጠፋም። ግን ይተኛል። ሲተኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ ደህና አድርጎ ነው የሚተኛው። ሕመሙ ይቀንሳል፣ ሽንት ይቀልላል፣ ሰውየው ወደ ጨዋታው ይመለሳል። ለአንዳንዱ ይህ ጊዜ አንድ ዓመት ተኩል ነው። ለአንዳንዱ አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይሆናል። ስኳር ያለበት ሰው መድኃኒቱን እየወሰደ እንደሚኖረው አድርገሽ ያዢው። ልዩነቱ፣ ይህኛው ብዙውን ጊዜ አንድ ቀን ይነቃል። ሲነቃ ምን እንደሚደረግ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ለምን ሆርሞን? ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ ሥር ያለች ዕጢ ናት፣ ወንድ ሁሉ አለው። እሷ ላይ የሚነሳው ካንሰር ቀለቡ ቴስቶስቴሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን ነው። አጥንት ላይ ቢወጣም፣ ሌላ ቦታ ቢሄድም ያንኑ ቀለብ ይፈልጋል። ከሆርሞኑ ከ100 እጅ 90 የሚሆነውን ወይም ከዚያ በላይ የሚያመርተው የዘር ፍሬ ነው። ቀለቡን ስትቆርጪበት ካንሰሩ ይሟሽሻል። ቻርልስ ሃጊንስ የሚባል የቺካጎ ሐኪም ከባልደረባው ጋር ይህን ያሳየው በፈረንጆች 1941 ነው። ጣሊያን ከደሴ በወጣበት ዓመት ማለት ነው። በ1966 ኖቤል ተሸለመበት። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱ ተለዋወጠ እንጂ ሐሳቡ ያው ነው።

አሁን ወደ ሙክቱ እንምጣ። አባትሽ የተናገሩትን ቃል ክፍሌ ውስጥ በየጊዜው እሰማዋለሁ። አንዳንዱ እንደ እሳቸው ጮክ ብሎ ይለዋል። አብዛኛው ግን በሆዱ ብሎት በሚቀጥለው ቀጠሮ ይቀራል። ስለዚህ ጮክ ብለው ስላሉት ደስ ይበልሽ። ቢያንስ የሚያስቡትን አውቀሽዋል።

ቤተሰብ ሁሌ የሚሳሳትበት ነገር እዚህ ላይ ነው። «ኦፕሬሽኑ ወንድነትን ይወስዳል፣ መርፌው ግን አይነካም» ብለው መርፌውን ይመርጣሉ። ውሸት ነው። ሁለቱም የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው። መርፌው የዘር ፍሬውን እንዲያንቀላፋ ያደርጋል፣ ቢላው ያወጣዋል። ቴስቶስቴሮን በሁለቱም መንገድ እዚያው ወለል ላይ ይወርዳል። ካንሰሩን በማስተኛት በኩልም እኩል ናቸው። የጎንዮሽ ጉዳታቸውም ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ልዩነቱ ያለው መንገዱ ላይ፣ ገንዘቡ ላይና ሰውየው ራሱን በሚያይበት ዓይን ላይ ነው። የመጨረሻውን አልናቀውም። አንድ ሰው «ልብስ ስለብስ የሆነ ነገር ጎደለኝ ማለት አልፈልግም» ካለ በቂ ምክንያት ነው። መርፌ ይውሰድ።

ግን ኦፕሬሽኑ ምን እንደሆነ አውቀው እምቢ ይበሉ። ግማሽ ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ቀላል ሥራ ነው። ብዙ ጊዜ ሙሉ ሰመመን እንኳን አያስፈልገውም። ብልትን አይነካም፣ ሽንት እንደወትሮው ነው። የፍሬው ከረጢት እዚያው ይቆያል። እንዲያውም የውስጡ ብቻ ተወስዶ ሽፋኑ የሚተውበት አሠራር አለ፣ በእጅ ሲነካ ባዶ አይሆንም። ሐኪማችሁ ይህን ይሠራ እንደሆነ ጠይቁ። ሆርሞኑ በግማሽ ቀን ውስጥ ይወርዳል፣ መርፌው ሦስት አራት ሳምንት ይፈልጋል። ወጪውም አንዴ ነው። ከዚያ በኋላ መርፌ ፍለጋ የለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ቀጠሮ የሚባል ነገር እንዳልነበረ ታስታውሺያለሽ። መንገድ በሚዘጋበት፣ መድኃኒት ከገበያ በሚጠፋበት ጊዜ የማያሳስብ ሕክምና ይህ ነው። መጥፎ ጎኑ፣ መመለስ የለውም።

ለራሴ አባት ቢሆን ምን እመክር ነበር? የጤና መድኑ የሚሸፍነውንና የቤተሰቡን ኪስ ቀድሜ አያለሁ። መርፌው ለዓመታት ሳይቆራረጥ እንደሚገኝ እርግጠኛ ካልሆንኩ ኦፕሬሽኑን ደፍሬ አነሳባቸዋለሁ። ከዚያ ውሳኔውን ለሳቸው እተወዋለሁ። እያቆራረጡ መርፌ ከመውሰድ ኦፕሬሽኑ ይሻላል ባይ ነኝ።

መርፌውን ከመረጡ ደግሞ መጀመሪያ ማወቅ ያለብሽ አንድ አደጋ አለ። እኛ ጋ በብዛት የሚታዘዙት፣ ዞላዴክስና መሰሎቹ፣ ሆርሞኑን ከማውረዳቸው በፊት ለአንድ ለሁለት ሳምንት ከፍ ያደርጉታል። ካንሰሩ ለጥቂት ቀን ድግስ ያገኛል ማለት ነው። አከርካሪ ላይ ካንሰር ላለበት ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ሕመሙ ሊብስ፣ ሽንት ሊዘጋ፣ ነርቭ ሊጫን ይችላል። መከላከያው ቢካሉታማይድ የሚባል እንክብል ነው። ከመርፌው በፊት ተጀምሮ ለጥቂት ሳምንታት ይቀጥላል። አባትሽ ወገባቸውን የሚያማቸው ሰው ስለሆኑ «መርፌው ከመወጋቱ በፊት የሚዋጥ ነገር የለም ወይ?» ብለሽ አፍ አውጥተሽ ጠይቂ። ዲጋሬሊክስ የሚባለው ሌላ ዓይነት መርፌ ይህ ጣጣ የለበትም። ኦፕሬሽኑም የለበትም።

መርፌው ራሱ ትንሽ ያስፈራል። የዞላዴክስ መርፌ ወፍራም ነው። ውስጡ ፈሳሽ አይደለም፣ ከሩዝ ፍሬ ረዘም የምትል ነጭ ዘንግ ናት። ከእምብርት በታች ቆዳ ሥር ትቀመጥና ቀስ እያለች ትሟሟለች። መወጊያው ቦታ ለሁለት ቀን ጠቆር ሊል ይችላል። ማሸጊያውን ቤት ውስጥ እንዳትከፍቱት። ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀትም አትወድም፣ ስለዚህ ከገዛችሁ በኋላ መኪና መስኮት ሥር አታስቀምጡ።

ቀኑን በሚመለከት አንድ ምክር አለኝ። ባለ 3.6 ሚሊግራሟ በየ28 ቀኑ ነው የምትወጋው። የኛ ወር 30 ቀን ነው። «ወር በገባ በአምስት» ብላችሁ ከያዛችሁት በየወሩ ሁለት ቀን ይሸራረፋል፣ ጳጉሜ ስትመጣ ደግሞ ሳምንት ገደማ ይዘገያል። በቀን ቁጥር ሳይሆን በሳምንት ቁጠሩ። 28 ቀን ልክ አራት ሳምንት ነው። ሰኞ ከተወጉ ሁሌም ሰኞ ነው። እኔ ብዙ ታካሚ ሰኞ የማደርገው ለዚህ ነው። ሰኞ ገበያን የሚረሳ ወሎዬ አላየሁም። በየአራተኛው ገበያ መርፌ አለ ማለት ነው። የሦስት ወሩ፣ ባለ 10.8 ሚሊግራሙ፣ በየአሥራ ሁለተኛው ሰኞ ይሆናል። ከኮምቦልቻ ሐረጎን እየወጡ ለሚመጡ ሰው፣ ከተገኘ የሦስት ወሩ ይሻላል። አከርካሪው ለታመመ ሰው ያ ጠመዝማዛ ዳገት ራሱ ፈተና ነው።

እንግዲህ ምን ይሰማቸዋል?

ቀድሞ የሚመጣው ደስ የሚለው ነው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሕመሙ ይቀንሳል። ሌሊት አምስት ጊዜ ለሽንት የሚነሱት ሁለት ጊዜ ይሆናል። እዚህ ላይ ነው የምፈራው። አንድ አባት ትዝ ይሉኛል፣ እንዳይታወቁ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ። መጀመሪያ ሲመጡ ሁለት ልጆቻቸው ግራና ቀኝ ብብታቸውን ይዘው ነው ያስገቧቸው። በሦስተኛው መርፌ ብቻቸውን መጡ። ከዘራቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠዋል፣ አይደገፉበትም። «ዶክተር፣ ከዘራውን ያመጣሁት ለሰው ይምሰል ብዬ ነው» አሉኝ። ሳቅን። ከዚያ ጠፉ። ለካ ቤታቸው «ድኛለሁ፣ ብሩ ለበሬ ይሁን» ብለው ኖሯል። ከስምንት ወር በኋላ በቃሬዛ ተመለሱ። እግራቸው አይታዘዝም ነበር። መርፌውን እንደገና ጀመርን፣ ሕመሙም ቀነሰ። እግራቸው ግን አልተመለሰም።

አባትሽ ደህና ሲሆኑ «አሁን ለምንድነው የምወጋው?» ማለታቸው አይቀርም። መልሱን ከአሁኑ ንገሪያቸው። ደህና የሆኑት ስለተወጉ ነው።

የጎንዮሽ ጉዳቶቹን አሁን ልንገርሽ። በብዛት የሚታየው ሙቀት ነው። ከአሥር ሰው እስከ ስምንቱ ያገኘዋል። ትኩሳት አይደለም። ከደረት ተነስቶ ወደ አንገትና ፊት የሚወጣ ወበቅ ነው፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ላብ አስለቅቆ ይሄዳል። ሴቶች የወር አበባ ሲቆም የሚያዩት እሱ ነው። እናትሽ ታውቀዋለች፣ እንዴት እንደሆነ እሷ ታስረዳቸው። አንድ የደሴ ሰው በሐምሌ ብርድ ሌሊት ጋቢያቸውን ጥለው መስኮት ሲከፍቱ ሚስታቸው «ሰውዬው አበደ» ብላ ጎረቤት ጠርታለች። ኮምቦልቻ ደግሞ ከደሴ ስለሚሞቅ ቀኑ ላይ ይብስባቸው ይሆናል። ከአንድ ወፍራም ልብስ ሁለት ሦስት ስስ ልብስ ይሻላል፣ ሲሞቅ አንዱን ማውለቅ ነው። የሚያፋጅ ቡና፣ በርበሬ የበዛበት ወጥና አልኮል ሙቀቱን ይጠሩታል። ቡናውን ተዉ አልልም፣ ወሎ ላይ እንዲህ ብሎ ማን ይሰማኛል? ብቻ አቦሉ በረድ ይበልላቸው። እንቅልፍ እስከመንሳት ከደረሰ የሚታዘዝ መድኃኒት አለ። ቻሉት አትበሏቸው።

ሁለተኛው፣ አንቺ አባትሽን ልትጠይቂው የማትችይው ነው። የግብረ ሥጋ ፍላጎት ይጠፋል። መቀነስ አይደለም፣ ብዙው ወንድ ላይ ጨርሶ ይጠፋል። የብልት መቆምም አብሮ ይሄዳል። የዘር ፍሬው ያንሳል። ይህን ለአባትሽና ለእናትሽ አንድ ላይ የሚነግራቸው ሐኪም ይሁን፣ አንቺ ውጭ ጠብቂ። እናትሽ ክፍሉ ውስጥ እንድትኖር ያልኩት በምክንያት ነው። ካልተነገራት «ሌላ ለመደ» ወይም «ጠላኝ» ብላ የምታስብ ሚስት አጋጥማኛለች። ያ ዝምታ ከበሽታው በላይ ትዳርን ይጎዳል። ሁለቱም ሲያውቁ ግን ብዙዎቹ እንደገና ይቀራረባሉ። ጎን ለጎን መተኛት፣ መደባበስ፣ ማውራት አልተከለከለም። ካንሰሩ አይተላለፍባትም። ሳህንና አንሶላ መለየትም አያስፈልግም።

ወንዶች ከሚፈሩት ውስጥ የማይሆነውንም ልንገርሽ። ድምፃቸው አይቀጥንም። ጢማቸው ጨርሶ አይጠፋም፣ የሰውነት ፀጉር ብቻ ሊሳሳ ይችላል። ጡት አካባቢ ግን መወጠርና ማበጥ አንዳንዴ ይመጣል። በተለይ ቢካሉታማይድን ለብቻው ረጅም ጊዜ ለሚወስድ።

ድካሙ ሌላ ጉዳይ ነው። ቴስቶስቴሮን ሲወርድ ጡንቻ ይቀንሳል፣ ቦርጭ ይመጣል፣ ደም ትንሽ ያንሳል። ሰውየው «ከተቀመጥኩ መነሳት ያቅተኛል» ይላል። ቤተሰብ ደግሞ በፍቅር «አረፍ ይበሉ አባባ» እያለ ነገሩን ያብሰዋል። ለዚህ ድካም ከሁሉም በላይ የሚረዳው እንቅስቃሴ ነው። ማለዳ በቦርከና በኩል ግማሽ ሰዓት ይራመዱ። ከወንበር አሥር ጊዜ መነሳትና መቀመጥ፣ ሁለት ግማሽ ሊትር ውኃ የሞላ ፕላስቲክ በግራና ቀኝ ይዞ ክንድ ማንሳት፣ ይህን በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን። አጥንታቸው ላይ ካንሰር ስላለ ግን የትኛው አጥንት እንደተነካ ሐኪሙን ሳትጠይቁ ከባድ ነገር አያንሱ። ጆንያ መሸከም ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል።

አጥንት በሁለት ወገን ነው የሚጠቃው። አንደኛው ካንሰሩ ነው። ሁለተኛው ራሱ ሕክምናው ነው፣ ሆርሞኑ ሲወርድ አጥንት ይሳሳል። በምግብና በእንክብል ተደምሮ በቀን ከ1,000 እስከ 1,200 ሚሊግራም ካልሲየም፣ ከ800 እስከ 1,000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋል። የጤፍ እንጀራ ካልሲየም አለው፣ ወተትና እርጎም እንደዚሁ። ጿሚ ከሆኑና የፍስክ ምግብ የማይነኩበት ወቅት ከበዛ እንክብሉን ማሟያ ያድርጉት። አጥንት የሚያጠነክር መርፌ ከታዘዘ ደግሞ ከመጀመሩ በፊት የተበላሸ ጥርስ ይነቀል፣ ይታከም። ከተጀመረ በኋላ ጥርስ መንቀል መንጋጋ ላይ ክፉ ቁስል ሊያመጣ ይችላል። ይህን ሳይነገረው የመጣ ሰው ብዙ አይቻለሁ። የደረጃውን መብራትም አስተካክሉ። በክረምት የራሰ ድንጋይ ላይ መውደቅ ለእሳቸው እንደ ድሮው መውደቅ አይደለም።

ስኳር፣ ደም ግፊትና ኮሌስትሮልም ከፍ ሊሉ ይችላሉ። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ከመጀመሩ በፊት ይናገር። ሲጋራ ካለ፣ ማቆሚያው አሁን ነው።

ስለ ጫትም ልንገርሽ፣ ሌላ ሰው አይነግርሽም። ጫት ደም ግፊትን ከማውጣቱ ሌላ የፊኛን አንገት ያጠብቃል፣ የሽንት ግፊቱ ይቀንሳል። ፕሮስቴቱ ያበጠ ሰው ወዳጃ (የዱዓ ማኅበር) ላይ ቁጭ ብሎ አምሽቶ ሌሊት ሽንቱ ተዘግቶ ድንገተኛ ክፍል ሲመጣ አዲስ ነገር አይደለም። ዱዓው ይቀጥል፣ ቅጠሉ ይቅር።

ስሜታቸውም ይለወጣል። ዝም ማለት፣ መነጫነጭ፣ ቶሎ ማልቀስ። ዕድሜ ልካቸውን ያላለቀሱ ሰው መንዙማ ወይም ትዝታ ሲሰሙ እንባቸው ዱብ ሊል ይችላል። ሆርሞኑ ነው፣ ደካማ ሆነው አይደለም። ልጆች እንዳይስቁባቸው አስጠንቅቂ። ዝምታው ግን ሳምንታት ከቆየ፣ ምግብ ካስጠላቸው፣ «ለምን እኖራለሁ» ማለት ከጀመሩ ይህ ራሱን የቻለ በሽታ ነው፣ ሕክምና አለው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ፒኤስኤ 212 ሲባል ደንግጠሻል። ቁጥሩ ትልቅ መሆኑ ብቻውን ብዙ አይነግረኝም፣ ከሕክምና በኋላ እንዴት እንደሚወርድ ነው የምጠብቀው። በሦስት ወር ውስጥ በጣም መውረድ አለበት። በሰባት ወር ገደማ ከ0.2 በታች የደረሰ ሰው ረጅም መንገድ ይጠብቀዋል። ከ4 በላይ ከቀረ ግን ካንሰሩ ግትር ነው ማለት ነው፣ ሐኪሙ ሌላ መንገድ ቶሎ ማሰብ አለበት። ምርመራውን በተቻለ መጠን አንድ ላቦራቶሪ አድርጉ። ከፒኤስኤ ጋር ቴስቶስቴሮንም አንዴ ይታይ። መርፌው በትክክል መሥራቱን የሚነግረን እሱ ነው።

ሐኪሙን የምትጠይቂው አንድ ትልቅ ጥያቄ ይኸውና፦ «ከመርፌው ጋር የሚጨመር ነገር አለ?» ዛሬ ዛሬ አቅም ያለው ታካሚ መርፌ ወይም ኦፕሬሽን ብቻ ተሰጥቶት አይተውም። ወይ ዶሲታክሰል የሚባል ኬሞ (በደም ሥር የሚሰጥ የካንሰር መድኃኒት) በየሦስት ሳምንቱ ስድስት ጊዜ፣ ወይ ደግሞ አቢራቴሮን የሚባል እንክብል ፕሬድኒሶሎን ከሚባል ሌላ እንክብል ጋር ይጨመራል። ካንሰሩ ከተሰራጨና ከባድ ምልክት ካላቸው 1,199 ወንዶች ግማሹ አቢራቴሮን የተጨመረላቸው አንድ ጥናት አለ። መጀመሪያ የወጣው በፈረንጆች 2017 ነው። በመጨረሻው ውጤት፣ የሆርሞን ሕክምና ብቻ ካገኙት ግማሾቹ በሕይወት የቆዩት ከ36 ወር ተኩል በላይ ነው። አቢራቴሮን ከተጨመረላቸው ግማሾቹ ደግሞ ከ53 ወር በላይ። ይህ የአባትሽ ዕድሜ ትንቢት አይደለም። ግማሹ ሰው ከቁጥሩ በላይ እንደኖረ አትርሺ። ስንት ዓመት ይኖራሉ ለሚለው ከዚህ የበለጠ ማንም አያውቅልሽም። ከስድስት ወር በኋላ ፒኤስኤያቸውን ይዘሽ ብትጠይቂኝ ግን ከዛሬው የተሻለ መልስ ይኖረኛል።

አቢራቴሮን ከታዘዘ ባዶ ሆድ ነው። ከምግብ ሁለት ሰዓት በኋላ፣ ከሚቀጥለው ምግብ አንድ ሰዓት በፊት። ከቅባት ምግብ ጋር ከተወሰደ ደም ውስጥ የሚገባው መጠን በብዙ እጥፍ ይጨምራል። በረመዳን ከስሑር አንድ ሰዓት ቀድመው ተነስተው ቢውጡት ይሆናል፣ ፕሬድኒሶሎኑን ደግሞ ከስሑሩ ጋር። መጾም መቻል አለመቻላቸውን ግን ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩበት። ደም ግፊት፣ ፖታሲየምና ጉበት በየጊዜው ይታያል። ፕሬድኒሶሎን በድንገት አይቆምም። ጠበሉን ይጠጡ፣ ዱዓውም ይደረግ። የሥራ ሥር ቅመማ ግን ከእነዚህ መድኃኒቶች ጋር ጉበት ላይ ሊጋጭ ስለሚችል አታቀላቅሉባቸው።

ካንሰሩ ሲነቃ ምን ይሆናል? ሆርሞኑ ታች እያለ ፒኤስኤ ደጋግሞ መውጣት ይጀምራል። ካንሰሩ በትንሽ ቀለብ መኖርን ተምሯል ማለት ነው። ብዙ ሰው ያኔ «መርፌው መሥራት አቆመ» ብሎ ይተወዋል። ስህተት ነው፣ መርፌው ይቀጥላል፣ ላዩ ላይ ሌላ ይጨመራል። ቀድሞ ኬሞ ያልወሰደ ኬሞ፣ እንክብል ያልወሰደ እንክብል። አንድ አጥንት ላይ ለበረታ ሕመም ጨረር አለ። ለጨረር ከኛ አካባቢ ብዙው ሰው የሚሄደው አዲስ አበባ ነው፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ። ለሕመም ማስታገሻ የሚሰጥ ጨረር ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ሊያልቅ ስለሚችል «በአንድ ጊዜ ይሆንልናል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ የሳምንታት የአልቤርጎ ኪራይ ያስቀርላችኋል። ሞርፊን ከታዘዘም አትፍሩት። ለካንሰር ሕመም በሐኪም ትእዛዝ የሚወስድ ሰው ሱሰኛ ይሆናል ብላችሁ አትስጉ። የሆድ ድርቀት ግን ያመጣል፣ ማለስለሻውን አብራችሁ ያዙ።

ይህን ደግሞ ስልክሽ ላይ መዝግቢው። የወገብ ሕመሙ ድንገት ከባሰ፣ እግራቸው ከከበደ ወይም ከደነዘዘ፣ ሲራመዱ ከተንገዳገዱ፣ ሽንት ከተዘጋ ወይም ሰገራ ካመለጣቸው፣ ሰኞን አትጠብቂ። ጠዋትንም አትጠብቂ። አከርካሪው ነርቩን ተጭኗል ማለት ሊሆን ይችላል። የሚቆጠረው በሰዓት ነው። እየተራመደ የደረሰ ሰው እየተራመደ የመውጣት ዕድል አለው። የሌሊት መኪና ቁጥር ከአሁኑ ያዢ። ስትደርሱ «የፕሮስቴት ካንሰር አጥንት ላይ አለባቸው፣ እግራቸው ደከመ» በይ፣ በዚህ ቅደም ተከተል። «ወገባቸውን አመማቸው» ብቻ ካልሽ ማስታገሻ ሰጥተው ሊመልሷችሁ ይችላሉ።

ወንድሞች ካሉሽ ለእነሱም አንድ ቃል። አባቱ ይህ በሽታ ያለበት ወንድ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው በእጥፍ ገደማ ይበልጣል። ከ45 ዓመታቸው ጀምሮ ስለ ፒኤስኤ ምርመራ ሐኪም ያማክሩ። የወገብ ሕመምን ሰባት ወር «ብርድ ነው» ስላላችሁ ራስሽን አትውቀሺ። ደሴ ላይ ወገቡን ያመመው ሁሉ ብርድ ነው የሚለው፣ እኔም ራሴን ሲያመኝ እሱኑ ነው የምለው።

አባትሽን እንዴት ትመልሻቸው? አንቺ ስለ ሙክቱ አትከራከሪ። በልጅ አፍ የሚነገር ነገር አይደለም። ቤተሰብ ውስጥ የሚያከብሩት በዕድሜ እኩያቸው የሆነ ሰው ካለ፣ አጎትም ይሁን የመስጊድ ወይም የማኅበር ጓደኛ፣ ይዟቸው ይምጣ። ሐኪሙን «አባባ ሁለቱንም መንገድ ከእናታችን ጋር ሆነው እንደገና እንዲሰሙት ጊዜ ይስጡን» በይው። ባዮፕሲ የሚባለውን የናሙና ምርመራ ውጤት፣ የፒኤስኤውን ወረቀትና የሚውጡትን መድኃኒት ሁሉ ከነካርቶኑ በአንድ ፌስታል አድርጊ። የመድን ደብተሩንም። ከተቻለ በዚህ ሳምንት ሂዱ፣ ወገባቸውን እያመማቸው ነውና የሚጠበቅ ጊዜ የለም።